አርባ አንድ ቁጥር ተንቀሳቅሷል

ሐምሌ 3

ለሚሊሜትር፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ብጀምር ደህና ነኝ ትያለሽ፤ ደህና ነኝ ካልሽ በኋላ የምጠይቅሽ አይኖረኝም፤ ስለዚህ ሰላምታውን ዘልለነዋል። እኔ እንደሆንኩ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ አብሮኝ መኖር የሰለቸው ይመስላል፤ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል።

እህቴ በሰላም ገባች ወይ ላልሽው፣ ገብታለች። ባሏ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው ይዟት የመጣው። ያንን የሚያህል አውቶቡስ በእግረኛ ፍጥነት ሲነዳው አንዱ ተሳፋሪ «ሾፌር፣ የምንደርሰው ዘንድሮ ነው ወይስ ለከርሞ?» ብሎት ነበር አሉ። ንቧ የሰባት ወር ሆዷን አስቀድማ በበር ስትገባ ወሬዋ ከሆዷም ቀድሞ ገባ። ንብ ያልኳት ለማሯ ሳይሆን ለጩኸቷ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። «አባባ፣ ቱቦ ውስጥ ከታኝ አርባ ደቂቃ አስተኛችኝ፤ በጆሮዬ በኩል የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ነው የዋለው» አለችኝ።

የሠፈሩ ባለሱቅ «ያቺ ትልቋ የልጅ ልጅዎ ሥራዋ ምንድን ነው?» ይለኛል። «ያልተወለደ ሰው አንጎል ፎቶ እያነሳች በሚሊሜትር ትለካለች» እለዋለሁ። «ለምን? ኮፍያ ልትሰፋለት?» አይለኝም!  የድሮ ሰው እኮ «ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል» ብሎ አርፎ ይቀመጥ ነበር። እናንተ መጠበቅ አቃታችሁ።

እኔም አርባ ዓመት ሰው ለክቻለሁ። ትንፋሹን ይዞ ሆዱን የሚያስገባ ሙሽራ፣ «ካለፈው ዓመት ወዲህ አልወፈርኩም» እያለች ሜትሩን የምትጎትትብኝ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። የኔዎቹ ግን ቢያንስ እግራቸውን መሬት አድርገው ይቆሙ ነበር። ያንቺ ደንበኛ ውኃ ውስጥ ይገለባበጣል።

አሁን ወደ ክሱ ልግባ። የታመሙትን የማወዳድርበት ጤነኛ ሽል አጠረኝ ብለሽ ለምነሽ ነው እህትሽን ያስተኛሻት። እሷ ደግሞ ፎቶው ይላክልኛል ብላ ግድግዳው ላይ ሚስማር አስመትታለች። ሚስማሩ ባዶውን ያየኛል። ፎቶው የታለ?

ስልክ አትደውዪ። በስልክ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ደግሞም ጆሮዬ ስለደከመ ንቧ ጮክ አድርጋ ነው የምትከፍተው፤ የምንባባለውን ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል። እናታችሁ ከሞተች ወዲህ ሁለታችሁን ያሳደግሁት በመቀስና በምስጢር ነው። ጻፊና ለሾፌሩ ስጪው፤ ሳምንት ሳይሞላው እዚያ ደርሶ ይመለሳል።

አያትሽ


ሐምሌ 17

ይድረስ ለአባባ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ።

ምሳ በሰዓቱ እበላለሁ። ክፍላችን መስኮት ስለሌለው ሰዓቱን የማውቀው ከላይ ያለው ማቀዝቀዣ ሲጠፋ ነው። ወንበሬ ላይ የሰጡኝን ሹራብ አድርጌዋለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ከሥራ ወጥታለች፤ የእሷንም ስክሪን እኔ ነኝ የማየው።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ለንቧ እንዳታዝን ይንገሩልኝ። እንደ ሌላ ፎቶ በአንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚነሳ አይደለም። መሣሪያው አንጎሉን እንደ ዳቦ በስሱ እየቆረጠ ነው የሚያነሳው፤ ወደ መቶ ሃያ ቁራጭ ይሆናል። በአንዱ ቁራጭና በሚቀጥለው መካከል ሽሉ ከተገላበጠ ቁራጮቹ አይገጥሙም።

የሚያነበው ሐኪም የማን መሆኑን እንዳያውቅ ስም ተነስቶ ቁጥር ይሰጠዋል። እኔም ማወቅ የለብኝም። ግን በዚያ ቀን የሰባት ወር እናት አንድ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ አርባ አንድ ቁጥር ንቧ መሆኗን አውቄያለሁ።

መጀመሪያ ሥዕሉ እኔ ጋ ይመጣል። ጥራቱን አይቼ ከአንድ እስከ አራት እሰጠዋለሁ። አራት ያገኘው ውድቅ ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። አንጋፋው የራጅ ሐኪማችን የሚያነበው ያለፉትን ብቻ ነው። አርባ አንድ ቁጥር ተንቀሳቅሷል። አራት ሰጥቼዋለሁ።

መንቀሳቀሱ ጥሩ ነው ይበሏት። ሚስማሩ ላይ ሌላ ነገር ይስቀሉበት።

ልጅዎ


መስከረም 24

ለሚሊሜትር፤

እንግዳው በአሥራ አምስት ገብቷል። ወንድ ነው። ኪሎውን፣ የዓይኑን ቀለም፣ ማንን እንደሚመስል ሰው ሁሉ ጠየቀኝ። አንቺ ብቻ «የጭንቅላቱ ዙሪያ ስንት ነው?» ብለሽ ጻፍሽ። ከእንዲህ ዓይነት ዘመድ ይሰውራችሁ ብዬ ላነብላቸው ነበር፤ ተውኩት። ሠላሳ አራት ተኩል ነው። ነርሷ ሠላሳ አራት ብላ ጽፋለች። «እመቤቴ፣ እኔ በዚህ ሜትር እንጀራዬን በልቻለሁ፤ ግማሿን ሴንቲሜትር የት ጣልሻት?» አልኳት። ከክፍሉ አስወጣችኝ።

መልኩ እስካሁን የማንም አይደለም። የሾፌሩ እናት የሾፌሩን ጆሮ ይዟል ትላለች። ጆሮውን ይዞ ከሆነ ይመልስለት፤ ሾፌሩ ፊሽካ ሲነፉለት አይሰማም። ንቧ ደክሟታል። ደክሟትም ታወራለች፤ ልጁ የሚተኛው አድምጦ ሲሰለቸው ይመስለኛል።

የማልመጣበት ምክንያት ብለሽ የዘረዘርሽውን አነበብኩ። ሁለት ስክሪን፣ የጎደለ ሰው፣ አዲስ ፕሮግራም። ሽሉ እየተገላበጠ የተበታተነውን ቁራጭ ሁሉ ቆጥሮ መልሶ የሚገጥም ፕሮግራም ሊገባላችሁ ነው አልሽኝ። ቅርጫት ውስጥ የጣልኩትን ቁርጥራጭ መልሶ ኮት የሚያደርግ ካገኘሽ ለእኔም አንድ ላኪልኝ። ከቅርጫቱ ሥር ስንት ሱሪ አለኝ መሰለሽ!

ጥፋት ሠርተሽ ነው ወይ የቀረሽው? ቀለድኩብሽ እንጂ አልጠየቅሁሽም። ስትመጪ ልጁን ለማቀፍ ተራ መያዝ አለብሽ። እኔ አንደኛ ነኝ፤ ከአንደኛነቴም አልወርድም።

አያትሽ


ጥር 25

ለሚሊሜትር፤

ለሁለት ወር ዝም ብለሽ ኖረሽ «ልጁ ምን ምን ይሠራል?» የምትል ቁራጭ ወረቀት ብቻ ላክሽ። ሰላምታም የላትም። ሰላምታ መዝለል የሽማግሌ መብት ነው፤ አንቺ ገና ነሽ።

ልጁ ሥራ ይዟል። የንቧን ፀጉር መጎተት፣ የኔን መነጽር ማውለቅ፣ አባቱ ዩኒፎርም በለበሰ ቁጥር ማስመለስ። በሆዱ ሲያስተኙት ይናደዳል። ሲስቅ ድምፅ አለው። ለአራት ወር ልጅ በቂ ይመስለኛል፤ አባቱ በሠላሳ ዓመቱ ከዚህ ብዙም አልጨመረም።

ዋናው ዜና ግን ይኸውልሽ። ግራኝ ነው! በዚህ ቤት ሰማንያ ዓመት ብቻዬን ስኖር በመጨረሻ ወገን መጣልኝ። አንቺ ቀኝ፣ እህትሽ ቀኝ፣ እናታችሁ ነፍሷን ይማርና ቀኝ። መቀሱ ሁሉ ለእናንተ ተሠርቶ እኔ ጣቴ እስኪላጥ ጨርቅ ቆረጥኩ። አሁን የሰጠሁትን ሁሉ በግራው ይቀበለኛል። ክር ማጠንጠኛ ብሰጠው በግራ፣ ጣቴን ብሰጠው በግራ። ቀኙን ለቁም ነገር አስቀምጦታል። ባለሱቁ «ግራኙ እንዴት ዋለ?» ሳይለኝ አያሳልፈኝም።

ንቧ ደስ ብሏታል። እኔም ደስ ብሎኛል። ሌላ ነገር የለም።

ያንቺን ጤንነት ሳልጠይቅ አልቀርም፤ ይኸው ጠየቅሁ።

አያትሽ


የካቲት 14

ለልጄ፤

ወረቀትሽ ደረሰኝ። ሦስት መስመር ናት። ሁለቴ አነበብኳትና ከጨርቁ ሥር ከተትኳት።

ያልሽውን አድርጌያለሁ። ንቧ ልብስ ልታጥብ ወደ ጓሮ ስትወጣ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ግራ እጁን በቀስታ ያዝኩበት። የሚወደውን ቢጫ ክር ማጠንጠኛ በቀኙ በኩል አመጣሁለት። አየው። አፉን ከፈተለት። ትከሻው ተነሳ፤ እጁ ግን አልመጣም። ጣቶቹን ልዘረጋለት ሞከርኩ፤ አውራ ጣቱን ውስጥ አድርጎ ጨብጦታል። ይዘረጋል፤ ስለቀው ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ ግራውን እንድለቅለት አለቀሰ፤ ለቀቅሁት።

ሜትሬንም አውጥቼ ነበር። የቀኙ ክንድ ዙሪያ ከግራው በግማሽ ሴንቲሜትር ያንሳል። ነርሷ ያልያዘችውን ግማሽ ሴንቲሜትር አገኘሁ ማለት ነው። ይህን ለቀልድ ነበር የጻፍኩት፤ ሳነበው አያስቅም።

ንቧ ስትገባ «ምን እየለኩ ነው?» አለችኝ። «ጃኬት» አልኳት። «ለዚህ ለማደግ ለሚቸኩል? በሳምንቱ ይጠበዋል እኮ!» ብላ ሳቀች። ማጠፊያ እተውለታለሁ አልኳት።

«እንዳትነግሯት» ብለሻል። አልነገርኳትም። እኔ የምነግራት ነገር እንደሌለኝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የሚነገረው ያለው አንቺ ጋ ነው። እዚያ ሆነሽ ልጁን ሳታይው የትኛው እጁ እንደማይመጣ እንዴት አወቅሽ? ያየሽውን ጻፊልኝ። አታሳጥሪው። ሾፌሩ ማክሰኞ ይመጣል።

አያትሽ


የካቲት 26

ይድረስ ለአባባ፤

ያሉትን ሁሉ እጽፋለሁ።

አዲሱ ፕሮግራም ጥር መጀመሪያ ላይ ገባ። ውድቅ ያልኳቸው ስድሳ ሦስት ሥዕሎች ነበሩ። መጀመሪያ የሞከርኩት አርባ አንድን ነው። አንዷን ቅጂ ለንቧ ለመላክ አስቤ ነበር። ጥር 6 ቀን ከምሳ በፊት ተገጣጥሞ ወጣ። ጥርት ያለ ነው።

በግራ በኩል፣ አንጎል ውስጥ ካሉት የፈሳሽ ጓዳዎች አጠገብ የጣት ጫፍ የምታህል ክፍት ቦታ አለች። ጓዳውም ወደ እሷ ሰፍቷል። ደም ፈስሶ የደረቀበት ቦታ ነው። ንቧ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት የሆነ ነገር ነው። ማንም ያደረገው፣ ማንም ያልተጠነቀቀው አይደለም። ቀኝ እጅን የሚያዝዘው ግራው አንጎል ነው። እጁን የጠየቅሁዎት ለዚህ ነው።

አሁን ሐምሌ ላይ ያደረግሁትን ልጻፍ። የራሳችሁ ሰው መሆኑን ካወቃችሁ አሳውቃችሁ ለሌላ አስረክቡ ይላል ደንባችን። ባሳውቅ እንዴት አወቅሽ እባላለሁ። ደግሞም የእህቴን ልጅ ጭንቅላት አጮልቄ ያየሁ እንዳይመስልብኝ ፈለግሁ። ስለዚህ ከመቶ ሃያው ስድስቱን ብቻ አይቼ ዘጋሁት። ስድስቱ ደብዛዛ ነበሩ። አራት ሰጠሁት። ደንቡን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። ትናንት ያልተስተካከለውን የድሮውን ከፍቼ ሁሉንም በተራ አየሁ። ከስልሳ ስምንተኛው ጀምሮ ክፍቷ ቦታ ያለ ምንም ፕሮግራም ትታያለች። በአሥራ አንድ ቁራጭ ላይ አለች። ቆጠርኳቸው።

ያን ጊዜ አንጋፋው ሐኪም ቢያየው ልጁ ገና ሳይወለድ ትታወቅ ነበር። እጁን ማሠራት ከመጀመሪያው ወር ይጀመር ነበር። በዚህ ዕድሜ አንጎል ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ቶሎ ሲጀምሩለት ነው። ይድናል ማለቴ አይደለም። እጁ ረዳት እጅ ሊሆን ይችላል። በጠፋው ጊዜ ምን ያህል እንደጎደለ የሚለካ ነገር የለኝም።

ጥር 6 ካየሁ በኋላም ለማንም አላሳየሁም። አራት ብሎ የፈረመው እጅ የኔ ነው። በየጠዋቱ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። ከዚያ ሌላ ሥዕል እከፍታለሁ። አላለቅስም፣ እንቅልፍም አልነሳኝም። ምሳ እበላለሁ። ይኼንን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ምን ይሰማሻል ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው ስለሌለኝ ነው።

እርስዎ ይንገሯት። እርስዎ ቢነግሯት ይሻላል።

ልጅዎ


መጋቢት 8

ለልጄ፤

ደብዳቤሽን ሾፌሩ አመጣው። መሪው አጠገብ ካለው ኪስ ከትቶ ስድስት ሰዓት ሙሉ የገዛ ልጁን ነገር ከፊቱ ይዞ ነድቷል። «ምን አለች?» ሲለኝ «ኮት ይስፉልኝ አለች» አልኩት። «በዚህ ሙቀት?» አለኝ። «የእነሱ ክፍል ይበርዳል» አልኩት። ይኼስ እውነት ነው።

ልቆጣሽ ፈልጌ ነበር። ቁጭ ብዬ ቁጣውን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባሁ። ደግሞ ጠበቅሁት።

በቁጣው ፈንታ የመጣውን ልንገርሽ። በጥር መጀመሪያ ለልጁ የመጀመሪያ ጃኬቱን ስለካ ቀኝ እጁን አየሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዱ ትከሻው ከሌላው የማይተካከል ሰው ገና በር ሲከፍት ይታየኛል፤ እሱ ራሱ ሳያውቀው ማስተካከያ አስገባለታለሁ። የዚህ ልጅ እጅ አላማረኝም። ንቧ ፊቴን አየችና «ምነው አባባ?» አለችኝ። «ግራኝ ነው!» አልኳት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ደስ አላት። ደስ ሲላት ደገምኩት። ባለሱቁ ጋ ሄጄ ደገምኩት። ለአንቺም ያንን ሁሉ ስለ መቀስ ጻፍኩልሽ። አንቺ ስድስት ቁራጭ አይተሽ ዘጋሽው፤ እኔ ሙሉውን አይቼ በቀልድ ከደንኩት። የማን እንደሚብስ አላውቅም። ለማወቅም አቅም የለኝም።

ግን እኔ አልነግራትም። ፈርቼም ነው፣ ሌላም ነገር አለበት። ከእኔ ከሰማችው የሽማግሌ ሥጋት ይሆናል። ባለሱቁን ትጠይቃለች፣ የሾፌሩን እናት ትጠይቃለች፤ «የልጅ ነገር ነው፣ ያድጋል» ይሏታል፤ ሌላ ሁለት ወር ይሄዳል። ያየሽው አንቺ ነሽ፤ የታየ ነገር ካየው ሰው ይምጣ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ለአንጋፋው ሐኪም ንገሪ፤ ዛሬ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ። ከዚያ ለእህትሽ ጻፊ፤ በእኔ በኩል አይደለም፣ ፖስታው ላይ የሷን ስም አድርጊ። ልጁ ምን እንዳለው በመጀመሪያው መስመር ጻፊ። ምን መደረግ እንዳለበት በሁለተኛው። «ይቅርታ» የምትለውን ቃል መጨረሻ ላይ አድርጊያት። መጀመሪያ ካደረግሻት ሌላውን ሳታነብ አንቺን ልታጽናና ትነሳለች። ታውቂያታለሽ።

እኔም የኔን ጥፋት፣ ደብዳቤሽን አንብባ ስትጨርስ፣ እነግራታለሁ። በአንድ ቀን ይሁን።

አያትሽ


መጋቢት 28

ይድረስ ለአባባ፤

ንቧ ደብዳቤዬን ቆማ እንዳነበበችው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ሁለቴ አንብባ «መቼ ነው ያየችው?» ብላ ብቻ እንደጠየቀች፣ ከዚያም በጣቷ እንደቆጠረች ነገሩኝ። ከጥር 6 ደብዳቤዬ እስከደረሳት እስከ መጋቢት 17 አሥር ሳምንት ነው። ትክክል ቆጥራለች። እርስዎም የራስዎን ሲነግሯት አንድም ቃል አልመለሰችም ብለውኛል። ሾፌሩ ትናንት ሲመጣ ዓይኔን አላየኝም፤ ግን የእርስዎን ፖስታ ሰጠኝ። «መልሱን ላድርሰው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። 

የጠየቁኝን ልመልስ። አንጋፋው ሐኪም አልጮኸብኝም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከዚያ «ሌሎቹን ክፈቺያቸው፤ እኔ አነባቸዋለሁ» አለ። ስድሳ ሁለቱን አብረን ከፈትን። አምስት ቀን ፈጀብን። በሁለቱ ላይ ሌላ ነገር ተገኘ። ለአንደኛዋ እናት እሱ ደወለላት። የሁለተኛዋ ስልክ አይነሳም። በየቀኑ በአራት ሰዓት እኔ እደውላለሁ። ከእንግዲህ ውድቅ የተባለም ሥዕል ሐኪም ሳያየው እንዳይቀመጥ ወስነዋል። እኔን ደረጃ ከመስጠት ሥራ አንስተውኛል። መዝገብ አስተካክላለሁ፣ እደውላለሁ።

ለልጁ አዲስ የአንጎል ፎቶ ለማንሳት ሚያዝያ 25፣ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ተይዟል። ጡት ጠጥቶ ሲተኛ ነው ፎቶው የሚነሳው፤ ስለዚህ መንገድ ላይ እንዳያስተኙት። እጅ የምታሠራው ባለሙያ እስከዚያ እናንተው ጋ ትጀምር። ደህናውን እጅ በቀን አንድ ሰዓት ሸፍኑት፤ የማይመጣው እጅ እንዲመጣ ነው።

ያን ቀን እኔ ፈቃድ እወጣለሁ። ንቧ እኔን እንዳታገኘኝ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 20

ለሚሊሜትር፤

ሰላምታውን ዛሬም ዘለልኩት፤ ግን በሌላ ምክንያት ነው።

ንቧ ታወራለች ወይ ላልሽው፣ አታወራም። «ውኃው ፈልቷል»፣ «በሩን ዝጉት»፣ ይህን ታህል። ዕድሜዬን ሙሉ ይህቺ ልጅ ለአንድ ሰዓት ዝም ብትል ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ምኞት ሲደርስ እንዲህ ነው። ለእኔ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ መድኃኒቴን ትቆጥርልኛለች። «ግራኝ» የሚለውን ቃል ግን በዚህ ቤት ማንም አይናገረውም። ባለሱቁ አንድ ቀን ሊል ሲል ሾፌሩ አየው፤ ተወው።

ባለሙያዋ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች። ቁመቷ አጭር፣ ትዕዛዟ ረጅም ነው። ለግራ እጁ መሸፈኛ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አውራ ጣት የሌለው ጓንት ማለት ነው፤ አንጓው ላይ የሚታሰር። እኔ ልጅ ሳለሁ አስተማሪዬ በቀኝ እንድጽፍ ብሎ ይህችኑ ግራ እጄን ከወገቤ ጋር ያስርብኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ ጠልቼዋለሁ፣ ከሞተም በኋላ አልተውኩትም። አሁን እኔ አሳሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ለስላሳ ጨርቅ መረጥኩ፤ ልዩነታችን እሱ ብቻ ነው። ልጁ አንድ ሰዓቷን ሙሉ ይሰድበኛል። ቋንቋውን ስለማላውቀው እንደ ምርቃት እቀበለዋለሁ።

ትናንት ማንኪያ በቀኙ ገፋ። አልያዘውም፤ ገፋው። መሬት ወደቀ። ሾፌሩ ጎል እንደገባ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ንቧ ማንኪያውን አንስታ አጠበችውና መልሳ እዚያው ቦታ አስቀመጠችለት። ከዚያ ቆማ ጠበቀች። ለረጅም ጊዜ ጠበቀች። አልደገመውም።

ስለ ፈቃድሽ የጻፍሽውን አነበብኩላት። ደብቄ ማንበብ ትቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምርም «ለእህትሽ እየጻፍኩ ነው፤ ምን ልበልልሽ?» አልኳት። ጓንቱን እያጠበች ነበር።

«ፈቃድ እንዳትወጣ ይበሉልኝ» አለች።

«ለምን? ልትሰድቢያት?»

«ፎቶውን ስታየው አጠገቧ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ከአንደኛው እስከ መቶ ሃያኛው። አንድም ሳትዘል።»

«የራሷን ሰው ማየት ደንባቸው አይፈቅድም። አንጋፋው ሐኪም ነው የሚያነበው።»

«እሱ ያንብበው። እሷ ትየው።»

«ደንቡስ?»

ጓንቱን ጨመቀችው። «ደንቡም ከፈለገ ወንበር ስቦ ይቀመጥ» አለችኝ።

ከአንድ ወር በላይ ስታከማች ቆይታ የነደፈችው ይህን ነው። ይቅር ብላሻለች አልልሽም፤ እንዲህ የሚል ነገር ከአፏ አልወጣም፣ ያልለካሁትን አልቆርጥም። የሰማሁትን ነው የጻፍኩልሽ።

ሐሙስ አብሬያቸው እመጣለሁ። ሾፌሩ የሌላ ሰው ፈረቃ ለምኖ በዚያ ቀን እሱ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ በሌሊት ካልተነሳን አንደርስም። ሐኪሙ፣ አንቺ፣ እሷ፣ እኔ። አምስት ወንበር አስገቢ። አምስተኛው የደንቡ ነው፤ ካልመጣ ባርኔጣዬን አስቀምጥበታለሁ።

አያትሽ